ተፎካካሪው «ትርፌ ይቀንሳል» ሲል ደስ ይበለን ወይስ እንስጋ?

መምህሩ ከማርቆስ ፦ ህዳር 3 ቀን 2017

ሰላም የአገሬ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛልና ምክር ፈልጌ ነው።

ጥቅምት 6 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሽያጭ ሲጀመር ብዙም ሳልቆይ 33 አክሲዮን ገዛሁ። መግዛት የሚቻለው ትንሹ መጠን እሱ ነው። አንዱ 300 ብር፣ ሁሉም 9,900 ብር። በስልኬ በቴሌብር ነው የጨረስኩት። ገንዘቡ ግን የእኔ አይደለም። እናቴ አማኑኤል አጠገብ ያላትን ባሕር ዛፍ አስቆርጣ ሸጣ የሰጠችኝ ነው። «አንተ የተማርክ ነህ፣ የሚሻለውን አድርግበት» ብላ። አሁንም አሥር ሺህ ብር ገደማ እጄ ላይ አለ። ሽያጩ ታህሳስ 25 ይዘጋል ስለተባለ ከዚያ በፊት ሌላ 33 ልጨምር ነበር ሐሳቤ።

ባለፈው ሳምንት ከናይሮቢ ዜና መጣ። የኢትዮ ቴሌኮም ተፎካካሪ የሆነው ሳፋሪኮም የግማሽ ዓመት ሒሳቡን አውጥቶ ትርፉ መውረዱን ተናገረ። የዓመቱንም የትርፍ ግምት ዝቅ አደረገው። ዋናው ምክንያት ደግሞ እኛው አገር ያለው ሥራው ነው። ብር በዶላር ሲመነዘር ዋጋው ስለወረደ።

የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «እሰይ! ተፎካካሪው ከደከመ ገበያው ለእናንተ ነው፤ ቶሎ ጨምር» ይለኛል። ግማሹ «እዚያ የገባው ነገር ወደ እናንተም መምጣቱ አይቀርም» ይለኛል። የማስተምረው ፊዚክስ ነው። ሒሳቡ አያስፈራኝም። የማላውቀው ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ነው። ልጨምር ወይስ ልቁም?

የቡሬው ሞባይል ቤት ፦ ህዳር 3

መምህር፣ እኔ ጨምር ባይ ነኝ። ቡሬ ላይ ስልክና ሲም ስሸጥ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰው አሁን የሚጠይቀኝ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ነው። አንዱን ለጥሪ፣ አንዱን ለዳታ። አንደኛው ኩባንያ ገንዘብ ካጠረው ምን ያደርጋል? ቦነሱን ይቀንሳል። አዲስ ታወር መትከሉን ያዘገያል። ያኔ ደንበኛው ሁለተኛውን ሲም መሙላት ያቆማል። ይሄን ባንኮኒዬ ላይ ቆሜ በየቀኑ የማየው ነው። የአንዱ ጉድለት ለሌላው ገበያ ነው።

ጣና ዳር ፦ ህዳር 3

ባሕር ዳር የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው፤ ሌላ ቦታ ላይ ሰዎች «ማስጠንቀቂያ ወጣ» እያሉ ሲያራግቡት አይቻለሁ።

የትርፍ ማስጠንቀቂያ የሚባለው፣ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ሒሳቡን ሳይዘጋ አስቀድሞ «ያሰባችሁትን ያህል አላተርፍም» ብሎ ለባለአክሲዮኖቹ ሲናገር ነው። ኬንያ ውስጥ ደንብ አለው። የዓመቱ ትርፍ ካለፈው ዓመት 25 በመቶና ከዚያ በላይ እንደሚወርድ ያወቀ ኩባንያ በአደባባይ ማሳወቅ አለበት። መምህር የሰማኸው ያ አይደለም። የግምት ማስተካከያ ነው። ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን ክብደታቸው አንድ አይደለም።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ «ተፎካካሪው ስንት ጎደለበት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምህም። «ለምን ጎደለበት?» በል። የጎደለበት አስተዳደሩ ስለተበላሸ ወይም ዕቃው ስለተጠላ ከሆነ፣ የቡሬው ወንድሜ ልክ ነው፤ ገበያው ወደ ሌላው ይሄዳል። የጎደለበት ሁላችሁም ከምትጠጡት ውኃ ከሆነ ግን ደስታው አጭር ነው።

የቢቸና ጤፍ ፦ ህዳር 4

ጣና ዳር ያለውን እኔ በገበሬ ቋንቋ ልበለው። በረዶ ነው ወይስ ዋግ ነው?

በረዶ ሲወርድ የአንዱን ማሳ አጭዶ የጎረቤቱን ሳይነካ ያልፋል። የዚያ ዓመት ማሳው የተረፈለት ሰው እህሉን በጥሩ ዋጋ ይሸጣል። ያሳዝናል፣ ግን ይሸጣል። ዋግ ግን ከማሳ ወደ ማሳ የሚዛመት የስንዴ በሽታ ነው፤ እንደዚያ አይደለም። የጎረቤትህ ስንዴ ላይ ዛሬ ካየኸው አንተ ማሳ ላይ ገና አልታየም ማለት ብቻ ነው። የዋግ ዜና የሰማ ገበሬ እሰይ አይልም። ወጥቶ የራሱን ቅጠል እያገላበጠ ያያል።

ጮቄ ስር ፦ ህዳር 4

የብቸናው ወንድሜ፣ ይሄ አነጋገርህ ከሁለት ዓመት በፊት በጆሮዬ ቢገባ ኖሮ ብዙ ያድነኝ ነበር። ያደግኩት ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። አሁን አሜሪካ ሲያትል ነው የምኖረው። የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ልክ የመምህሩ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የኤኤምዲ አክሲዮን ነበረኝ። የኮምፒውተር አንጎል የሚሠራው ኩባንያ። ትልቁ ተፎካካሪው ኢንቴል ነው። ሐምሌ 28 ቀን ኢንቴል ሒሳቡን አወጣ። የሦስት ወር ሽያጩ 15.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ገበያው የጠበቀው ወደ 18 ቢሊዮን ነው። የዓመቱንም ግምት ከ76 ቢሊዮን ወደ 65 እስከ 68 ቢሊዮን አወረደው። በማግስቱ የኢንቴል አክሲዮን ከ8 በመቶ በላይ ወደቀ። በዚያው ቀን ኤኤምዲ በአክሲዮኖቹ ጠቅላላ የገበያ ዋጋ ኢንቴልን በለጠ። እኔና ጓደኞቼ ደስታችን ወደር አልነበረውም። «ኢንቴል የጣለውን የእኛ እያነሳ ነው» አልን። ሁለት ደመወዜን ጨመርኩበት።

አሥር ሳምንት አለፈ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን ማታ ኤኤምዲ ራሱ ማስጠንቀቂያ አወጣ። 6.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እሸጣለሁ ያለው፣ 5.6 ቢሊዮን ብቻ እንደሚሆን ተናገረ። በማግስቱ 14 በመቶ ገደማ ወረደ። ያን ቀን ሌላው የዚሁ ዘርፍ ኩባንያ ኢንቪዲያም ኢንቴልም አብረው ወረዱ።

ለምን መሰላችሁ? በኮሮና ጊዜ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ስለነበር ሁሉም ኮምፒውተር ገዝቶ ነበር። ያ ሲያልፍ የሚገዛ ጠፋ። ኢንቴል በሐምሌ ከነገረን ነገር ውስጥ ይሄ ነበረበት። እርግጥ ኢንቴል የራሱም ችግር ነበረው። እኛ ግን የሰማነው የሚያስደስተንን ግማሽ ብቻ ነው። ዋጋው በኋላ ተመልሷል። እኔ ግን እስኪመለስ መታገስ አልቻልኩም፤ ቤተሰብ ገንዘብ ሲፈልግ በኪሳራ ሸጥኩ።

እንጅባራ 11 ፦ ህዳር 4

ጮቄ ስር ታሪክህ ያሳዝናል፤ ስላካፈልከን ደግሞ አመሰግናለሁ። ሚዛኑ ወደ አንድ ጎን እንዳያጋድል ግን ተቃራኒውንም ልጨምር።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 2011 ኖኪያ የትርፍ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። አክሲዮኑ በአንድ ቀን 18 በመቶ ገደማ ወደቀ። ያኔ አንድ ሰው «ኖኪያ ከወደቀ የስልክ ገበያው ሞቷል» ብሎ የአፕልን ወይም የሳምሰንግን አክሲዮን ቢሸጥ ትልቅ ስሕተት ነበር። በዚያው ዓመት የአይፎን ሽያጭ ሽቅብ እየወጣ ነበር። ሳምሰንግም በስማርት ስልክ ሽያጭ ኖኪያን አልፎ ሄደ። ኖኪያን የጣለው ሰው ስልክ መግዛቱን መተዉ አይደለም። ሰው ሌላ ዓይነት ስልክ መፈለጉ ነው። የብቸናው ጋሼ እንዳሉት ይሄ በረዶ ነው፤ አንድ ማሳ ላይ የወረደ።

ስለዚህ «ዜናው መጥፎ ነው» ብቻ ብሎ መሮጥም ልክ አይደለም። የሐምሌው ኢንቴልና የግንቦቱ ኖኪያ ከላይ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። ልዩነቱ ምክንያቱ ውስጥ ነው ያለው።

የቡሬው ሞባይል ቤት ፦ ህዳር 4

እንጅባራ፣ አፍሽ ቁርጥ ይበልልኝ! እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ኢንቴልና ኤኤምዲ ለዓለም ነው የሚሸጡት። እዚህ ግን ያሉት ሁለት ናቸው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ገቢ አግኝቷል፤ 78.3 ሚሊዮን ደንበኛ አለው። ሰው ደግሞ ብር ረከሰ ብሎ እናቱን መደወል አይተውም።

ጣና ዳር ፦ ህዳር 5

ደንበኛው አይተውም፤ እዚህ ላይ እስማማለሁ። የቴሌ ሥራ እንደ ኮምፒውተር ሽያጭ ቶሎ አይደርቅም። ግን ገቢ አንድ ነገር ነው፣ ትርፍ ሌላ ነው። ትንሽ ቁጥር ልሥራላችሁ። ለምሳሌ ብቻ ነው።

አንድ ኩባንያ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ዕቃ በዱቤ ገዛ እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው አሠራር ከመለወጡ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ዕዳው 57 ሚሊዮን ብር ነው። ዛሬ ዶላር ከ120 ብር በላይ ነው። ያው ዕዳ ከ120 ሚሊዮን ብር አለፈ። አንድም ታወር አልጨመረም። አንድም ሲም አልሸጠም። ደንበኛው የሚከፍለው ደግሞ በብር ነው። በመዝገቡ ላይ ከ60 ሚሊዮን በላይ ኪሳራ ቁጭ ይላል።

ናይሮቢ ያለው ኩባንያ ላይ ይሄ በሁለት በኩል መጣ። አንደኛው ይኸው የዕዳና የዕቃ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው፣ እዚህ ያገኘውን ብር ለባለአክሲዮኖቹ ሲያሳይ በሽልንግ መመንዘር አለበት። ያው ብር በሽልንግ ሲቆጠር ግማሽ ሆነ።

ኢትዮ ቴሌኮም ሁለተኛው አይመለከተውም። ሒሳቡን የሚያቀርበው በብር ነው። አንደኛው ግን ይመለከተዋል። የኔትወርክ ዕቃ አገር ውስጥ አይመረትም። ያን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የተፈረመው የማስፋፊያ ውል እያንዳንዳቸው 800 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዶላር ነው፣ ብር አይደለም። ዛሬም ታወሩ ላይ የሚሰቀለው ዕቃ የሚገዛው በውጭ ምንዛሬ ነው።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይሄ ነው። የናይሮቢው ዜና ግማሹ በረዶ፣ ግማሹ ዋግ ነው። በረዶው ለእናንተ አይደርስም። ዋጉ ግን ማሳችሁ ድንበር ላይ ነው።

የሞጣ ልጅ ፦ ህዳር 5

ናይሮቢ ነው የምኖረው፤ ልጨምር። እዚህ ያለውን ሰው ስታዩት ዜናውን አልቃሻ ሆኖ አልተቀበለውም። ሳፋሪኮም ኬንያ ውስጥ አሁንም ያተርፋል። በስልክ ገንዘብ የሚላክበት አገልግሎቱ ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሰዉ ኪስ ሆኗል። እየከሰረ ያለው የኢትዮጵያው ክፍል ነው፤ ያም ገና ልጅ ነው። ለፈቃዱ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ፣ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ነው። እንዲህ ያለ ኩባንያ መጀመሪያ ይተክላል፣ በኋላ ያጭዳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪሳራ እንደሚኖር ባለቤቶቹም አስቀድመው ያውቁ ነበር። ያላሰቡት የብሩን አወራረድ ነው። ደግሞ ብቻውን አይደለም። የደቡብ አፍሪካው ቮዳኮምና የጃፓኑ ሱሚቶሞ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ገንዘብ ተቋምም አብረውት አሉ። ስለዚህ የቡሬው ወንድሜ «ይደክማል» ብለህ አትጠብቅ።

ስለ መምህሩ እናት ገንዘብ ሳስብ ግን ትዝ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የኬንያ መንግሥት የሳፋሪኮምን 25 በመቶ ለሕዝብ ሲሸጥ አንዱ አክሲዮን 5 ሽልንግ ነበር። ሾፌሩም ጉሊት ቸርቻሪዋም ተሰልፈው ገዙ። ተበድረው የገዙም ነበሩ። በዓመቱ ዋጋው ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ። የተበደሩት ሸጠው ወጡ። ያልተበደሩት ዝም ብለው ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2021 ያው አክሲዮን ከ40 ሽልንግ በላይ ተሸጠ። ከዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ 13 ሽልንግ አካባቢ ወረደ። ኩባንያው ያው ነው። ሰዎቹን የለያያቸው ገንዘቡን መቼ እንደሚፈልጉት ነው።

አያ ደጀን ፦ ህዳር 6

ልጆቼ፣ ተባረኩ። ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የምታወሩትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ የገባኝም ያልገባኝም አለ።

አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። እናንተ ስለ ዶላርና ስለ ናይሮቢ ስታስቡ እኛ ደጅ ያለውን ረሳችሁት። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለስንት ወር ጠፍቶ እንደነበር ታውቃላችሁ። ባሕር ማዶ ካለችው ልጄ ጋር ፊቷን አይቼ ሳልነጋገር ከረምኩ። በእነዚያ ወራት እኔ የዳታ ጥቅል አልገዛሁም። ጎረቤቴም አልገዛም። ይሄ ለሁለቱም ኩባንያ ያልተሸጠ ዕቃ ነው። መንገድ ሲዘጋ ነዳጅ ወደ ታወሩ አይደርስም። ሰላም ከሌለ የማንም ሒሳብ አይሞላም። የቢቸናው ልጄ ዋግ ያልከው ለእኔ ይሄ ነው።

መምህር፣ ለእናትህ ንገራት። ደብቀህ አታድርገው። ገንዘቡ የእሷ ነው።

የቢቸና ጤፍ ፦ ህዳር 6

አያ ደጀን፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎት። ልክ ነዎት። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጤፌ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከገበያ ልምዴ ነው። አንድ ትልቅ ነጋዴ «ዘንድሮ ከሰርኩ» ብሎ ሲያወራ ትንንሾቹ ደንግጠው ያላቸውን በርካሽ ያወጣሉ። የሚገዛቸው ማን እንደሆነ ሁልጊዜ እዩ። ሁሌም ክፋት ነው አልልም። ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በከንቱ አይደለም።

አወያይ ፦ ህዳር 6

ሁለት መልእክት አጥፍቻለሁ። «አክሲዮናችሁን በውስጥ መስመር እገዛለሁ» የሚሉ ነበሩ። እባካችሁ ስልክ ቁጥራችሁን፣ የቴሌብር የይለፍ ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ። ውይይቱ በጣም ጥሩ ነው፤ ቀጥሉ።

እንጅባራ 11 ፦ ህዳር 7

አወያያችን ያነሱት ነገር አንድ ትልቅ ጉዳይ አስታወሰኝ።

የጮቄ ስር ታሪክ ውስጥ መጥፎ ዜና ማታ ወጥቶ ጧት ዋጋው ወርዷል። ያማል፣ ግን ይታያል። እዚህ ደግሞ እንዲህ ነው። የአክሲዮን ገበያችን ገና በሩን አልከፈተም። የካፒታል ገበያ አዋጁ፣ ቁጥር 1248፣ የወጣው በ2013 ነው። ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም ተቋቁሟል። ግን ዛሬ መምህሩ 33 አክሲዮኑን ይዞ ሄዶ የሚሸጥበት አደባባይ የለም። የናይሮቢው ዜና ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ 300 ብሩ 300 ሆኖ ነው የሚያድረው። ይሄ እንዳያዘናጋችሁ። ዋጋው አልተንቀሳቀሰም ማለት አደጋው የለም ማለት አይደለም። ቴርሞሜትር የሌለበት ቤት ትኩሳት የለም አይባልም።

ስለዚህ የእኛ ቴርሞሜትር ወረቀቱ ነው። የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ተብሎ ከሽያጩ ጋር የወጣው ሰነድ። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ያነበብኩት ሦስት ማታ ፈጅቶብኝ ነው። መምህር፣ ሁሉንም ማንበብ ካቃተህ የአደጋ ምክንያቶች የሚለውን ክፍል አትለፈው። እዚያ ውስጥ ደግሞ የውጭ ምንዛሬን ጉዳይ ፈልግ። ስንት ብድር በዶላር እንዳለ፣ መቼ መቼ እንደሚከፈል። ከዚያ የትርፍ ድርሻ አከፋፈሉን እይ። ሰው «ትልቅ ድርጅት ነው» እያለ ነው የሚገዛው። ትልቅነቱን ሁላችንም እናውቃለን። ለባለአክሲዮኑ ስንት እንደሚደርሰው ነው ማወቅ ያለብን።

አንተ ፊዚክስ አስተማሪ ነህ። ይሄን ሰነድ አንብበህ ለባልደረቦችህ ብታስረዳ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ክርክር ሌላ መልክ ይይዛል።

ጮቄ ስር ፦ ህዳር 7

እንጅባራ ያለችውን ሁለቴ አንብበው መምህር። እኔ በ2022 የኤኤምዲን አንድ ገጽ አላነበብኩም ነበር። ያነበብኩት የኢንቴልን ውድቀት ብቻ ነው።

የቡሬው ሞባይል ቤት ፦ ህዳር 8

እውነቱን ልናገር። ትናንት ማታ ጣና ዳር የሠራውን ሒሳብ በራሴ ሱቅ ላይ ሞከርኩት። እኔም ስልክ የማመጣው ዶላር ከሚያይ አስመጪ ነው። ዓምና በ9 ሺህ ብር የሸጥኩትን ስልክ ዛሬ በእጥፍ ዋጋ ነው የማመጣው። ገዢው ግን ደመወዙ እጥፍ አልሆነም። ከፊት ለፊቴ ያለው ሱቅ ጥቅምት ላይ ሲዘጋ «ደንበኞቹ ወደ እኔ ይመጣሉ» ብዬ ነበር። ጥቂቶቹ መጡ። አብዛኞቹ ግን ስልካቸውን እያስጠገኑ ነው።

አሁንም መግዛቱን አልቃወምም። ግን ቶሎ ጨምር ያልኩትን አንስቻለሁ።

መምህሩ ከማርቆስ ፦ ህዳር 16

ዘመዶቼ፣ ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። አማኑኤል ደርሼ መጣሁ። አያ ደጀን እንዳሉኝ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ከእሳት ዳር ተቀምጠን፣ ስለ ናይሮቢ፣ ስለ ዶላሩ፣ ስለ በረዶውና ስለ ዋጉ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ዝም ብላ ሰማችኝ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እነዚያ ሰዎች የከሰሩት ብር ስለረከሰ ነው አልከኝ። ታዲያ አንተ እጅ ላይ ያስቀመጥኩት አሥር ሺህስ ምንድን ነው? ብር አይደለም?»

መልስ አጣሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የማስበው አክሲዮኑ ላይ ስላለው አደጋ ነበር። ቴሌብሬ ውስጥ ተቀምጦ የሚከርመው ገንዘብ ምንም የማይነካው መስሎኝ ነበር። እሷ ባሕር ዛፉን በሸጠች ጊዜ አሥር ሺህ ብር የሚገዛው ማዳበሪያና ዛሬ የሚገዛው አንድ አይደለም። ናይሮቢ ያሉት ባለአክሲዮኖች የተነገራቸውን ማስጠንቀቂያ ለእናቴ የነገራት ማንም የለም። ማዳበሪያ ልትገዛ ስትሄድ ነው የምታውቀው።

ሰነዱንም እያነበብኩ ነው። እንጅባራ፣ ሦስት ማታ አልበቃኝም። ባልደረቦቼ ግን አብረውኝ መቀመጥ ጀምረዋል።

ጣና ዳር ፦ ህዳር 16

እናትህ የጠየቁህን ጥያቄ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ሊያነሳው የሚገባ ነበር። እኔ አላነሳሁትም። እጅ ነስቻለሁ በልልኝ።

የሞጣ ልጅ ፦ ህዳር 17

መምህር፣ ያ አሥር ሺህ መቼ ነው የሚፈለገው? ለሚቀጥለው ክረምት ከሆነ አክሲዮን ውስጥ አትክተተው። ከአምስት ዓመት በኋላ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

መምህሩ ከማርቆስ ፦ ሰኔ 9 ቀን 2017

ይሄን ክር ያነበቡ ሰዎች በውስጥ መስመር «ምን አደረግህ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ተመልሼ መጣሁ።

ሽያጩ ታህሳስ 25 አልተዘጋም፤ እስከ የካቲት 7 ተራዝሞ ነበር። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያውም፣ ማለትም የአክሲዮን ገበያው፣ ጥር 2 ተከፍቷል፤ መጀመሪያ የገቡት ባንኮች ናቸው። በመጨረሻ ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ነው ተባለ። 3.2 ቢሊዮን ብር ማለት ነው። የገዛነው 47,377 ሰዎች ነን። ከእነዚያ አንዱ በእናቴ ገንዘብ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ሌላ 33 አልጨመርኩም። የመጀመሪያውንም ትቼ አልወጣሁም። ቀሪው ገንዘብ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ለዘንድሮ ማዳበሪያ ዋለ። በግማሹ እናቴ የተቆረጠው ባሕር ዛፍ አጠገብ ያለውን ባዶ መሬት አሳጠረች፤ ችግኙ ክረምቱ ሲገባ ይተከላል።

አሁን ግን አዲስ ጥያቄ አለኝ። የዓመቱ ሒሳብ በሐምሌ ይወጣል። ከውጭ ምንዛሬ የመጣው ኪሳራ በየትኛው መስመር ላይ እንደሚጻፍ የሚያሳየኝ ሰው አለ? ጣና ዳር፣ አለህ?

ጣና ዳር ፦ ሰኔ 9

አለሁ። ሒሳቡ የወጣ ቀን እዚሁ ክር ላይ ለጥፈው፤ መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን። እናትህንም ሰላም በልልኝ።